በሐምሌ ዝናብ የሞላ ገንዳ

ከሚሊኒየሙ በኋላ ላሊበላ ላይ ሆቴል እንደ ጉድ ሲሠራ፣ ከሱቄ በላይ ያለው ሆቴል መዋኛ ገንዳ ቆፈረ። እኔ የአንገት መስቀልና ነጠላ ሻጭ ነኝ፤ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው። በዚያው ሰሞን ግን ለዘመድ ሠርግ ባሕር ዳር ሄጄ ጀልባ ላይ ሲያሳፍሩን፣ ጀልባዋ ገና ከዳር ሳትላቀቅ የሙሽራውን አባት አንገት አንቄ አልለቅም አልኩ። የሠርጉ ቪዲዮ ዘመድ ቤት ሁሉ ዞረ። ስለዚህ ሆቴሉ ለአዋቂዎች የዋና ማኅበር ሊያቋቁም ነው ሲባል፣ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ሄድኩ።

ገንዳው ደረቅ ነበር። አሰልጣኛችን የሆቴሉ ዘበኛ ነው፤ ወጣትነቱን ባሕር ኃይል አሳልፎ፣ መርከቡም ባሕሩም ሲቀርበት ወደ ላስታ ተራራ የተመለሰ ሰው።

«ውሃው እስኪመጣ በቲዎሪ እንጀምራለን» አለ።

ከእኔ ሌላ የመጡት እየተሳሳቁ የገቡ ሁለት አስጎብኚዎችና አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። አባን ሐኪም «ጉልበትዎን ውሃ ውስጥ ያንቀሳቅሱት» ብሏቸው መቋሚያቸውን ይዘው መጥተዋል። አሰልጣኙ አራታችንንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳችን አስተኛን።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እግርዎን ሰብሰብ አድርገው እንደ እንቁራሪት ይወርውሩት።»

«እንደ ምን?»

«እንደ... እንቁራሪት።»

አባ ትንሽ አሰቡና «እሷም የእሱ ፍጥረት ናት» ብለው ወረወሩት።

በዚህ መሀል ምሳ ፈልገው የመጡ ሁለት ፈረንጆች በሩን ከፈቱ። አንደኛው አስጎብኚ በሆዱ እንደተኛ ዋና እየተማርን መሆኑን አስረዳቸው። በመስኮት ደረቁን ገንዳ አዩ፤ እኛን አዩ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ለአምስት ይደራጅ ስለነበር አሰልጣኙ «አንዱ እኔ፣ አምስቱ እናንተ» አለን። አራት ነን ስንለው ተጨነቀ። በሚቀጥለው ጊዜ የተነፋ የአይሱዙ ጎማ ከመነዳሪ ይዞ መጣና አምስተኛ አባል አደረገው። ከሁላችንም የተሻለ የሚንሳፈፈው እሱ ሆነ።

ሐምሌ ሲገባ አሰልጣኙ የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ገንዳው አዞረው። ገንዳው ሞላ፤ ግን መልኩ ጠላ ይመስል ነበር፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በቀጥታ የወረደ። የወንድሜን የኳስ ማልያና ቱታ ለብሼ፣ ሻሼን ጠምጥሜ ገባሁና የገንዳውን ጠርዝ ያዝኩ።

«ልቀቂ!» ይላል አሰልጣኙ።

«ለቅቄያለሁ!»

«እጅሽ ይታየኛል!»

አንድ ረቡዕ ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ውሃ ዋጠና ጾሜን ገደፍኩ ብሎ ደነገጠ። ሥልጠናው ቆመ። ሁላችንም ወደ አባ ዞርን። አባ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ፍርድ ሰጡ፦ «ሳታስበው ከሆነ አይቆጠርብህም። ግን አታጣጥመው።»

እኔ ሳምንታት ሙሉ ጠርዙን ይዤ ገንዳውን ስዞር ከረምኩ። በመጨረሻ አባ አዘኑልኝ፤ መቋሚያቸውን ዘርግተው «ያዢ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው በእግራቸው እየሄዱ እኔን እንደ ጀልባ ይጎትቱኝ ጀመር። ለእሳቸው ደረት የሆነው ውሃ ለእኔ ከአፍንጫ በላይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ እየጎተቱኝ ገንዳው መሀል ስንደርስ በረዶ ወረደ። ተራ በረዶ አይደለም፤ ባቄላ የሚያህል። አስጎብኚዎቹ ከመነዳሪውን ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው በረሩ። አባ «በስመ አብ!» ብለው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ሸፈኑና፣ ያ የታመመ ጉልበት ከየት እንዳመጣው በማላውቀው ፍጥነት ወጡ። እኔ መሀል ላይ መቋሚያ ታቅፌ ቀረሁ።

«መቋሚያውን ጣይውና በሁለት እጅሽ ዋኚ!» ጮኸ አሰልጣኙ ከበረንዳው።

«እንዳትጥይው! የአባቴ ነው!» ጮኹ አባ ከጎኑ።

ማንን ልስማ? መቋሚያውን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው ውሃውን እየቧጠጥኩ፣ እግሬን ወንበሩ ላይ እንደተማርኩት ወረወርኩ። በረዶው አናቴን ይቀጠቅጠኛል፤ ቱታው ወደ ታች ይጎትተኛል፤ አፌ ውስጥ የማርያም ስምና የጣሪያ ውሃ ተቀላቅሏል። ድንገት መቋሚያው ጠርዙን ነካ። ያንን ጠርዝ ስይዘው እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። እነሱ ግን «ዋኝታለች»፣ «አልዋኘችም» የሚል ክርክር ጀምረዋል። አሰልጣኙ በዱላ መዋኘት ባሕር ኃይል ውስጥ አይታወቅም አለ። አስጎብኚዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። እኔ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ መልስ እጠብቃለሁ። አባ መቋሚያቸውን ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁና «ዱላው አልዋኘም፤ የዋኘችው እሷ ናት» ብለው ነገሩን ዘጉት።

መስከረም ላይ ቱሪስት ሲመለስ የሆቴሉ ባለቤት የሐምሌውን ውሃ አስደፋው፤ ማኅበሩም በዚያው ፈረሰ። አባ አሁንም በሱቄ በኩል ሲያልፉ ይጠይቁኛል።

«ልጄ፣ ዋናው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባ። ጉልበትዎስ?»

«እሱማ ያው ነው፤ በረዶ ካልመጣ አይንቀሳቀስም።»