ዲጄ እንዴና የእናቱ ዘጠኝ ደቂቃ

አባቱ በሕይወታቸው አንድም ነገር ጠይቀውት አያውቁም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ አጥሩ አዙረው፣ «እናትህን ስታወራ ቀድተሃታል አሉ። እስቲ አሰማኝ» ሲሉት፣ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ድንጋጤው የመጣው ዘግይቶ ነው።

«ማን ነገረዎት አባባ?»

«እህትህ ናታ። ዓይኔ እንደሆነ ፎቶግራፏንም አላሳይ ብሎኛል። ጆሮዬ ግን ገና የጎረምሳ ነው።»

«እሺ… እፈልገዋለሁ።»

«ፈልገው። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም።»

እናቱ ካረፈች ሰባት ወር አልፏል። የቀዳትም እውነት ነው፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ። ያንን ዘጠኝ ደቂቃ ምን እንዳደረገው ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሰውየው አርባ አራት ዓመቱ ነው። በመታወቂያው ላይ ያለውን ስም የሚጠራው ከመሥሪያ ቤት መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ዲጄ እንዴ ይለዋል። አባቱ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ሚዛን የሚመረምሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቱ በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ። አባቱን «እርስዎ»፣ እናቱን «አንቺ» እያለ አደገ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ዕድሜውን ሙሉ ሲለካው ኖረ።

ሙያውን የጀመረው ካሴት በሚገለብጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዘፈን ሲያባዛ ይውልና፣ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ሁለት ቴፖች ጎን ለጎን ከፍቶ፣ የአንዱን ጥቅልል በአውራ ጣቱ ነካ እያደረገ ያዘገየዋል፤ የሁለቱ ከበሮ እኩል እስኪረግጥ ድረስ። የገጠመለት ጊዜ ፀጉሩ ይቆማል። ባለሱቁ «አንተ ሰውዬ፣ ቴፔን አቃጥለህ ልትገላገለኝ ነው?» እያለ ይጮህበታል፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከዚያ ወዲያ ዳንስ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተር መጣና፣ ዘፋኝም ሙዚቀኛም ሳይለምን ብቻውን ዘፈን የሚሠራበት ዘመን ሆነ። ከማሽን የሚወጣ ከበሮ፣ ደረት የሚመታ ባስ፣ ከየትም የተለቀመ ድምፅ፤ እሱ ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

አባቱ ግን አልተቀበሉትም። ሰው «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲላቸው፣ «ግድግዳ ያንኳኳል» ይላሉ። «ሰው ወጥቶ ይከፍትለታል?» ብሎ የሚቀልድ ቢመጣ፣ «እስካሁን የከፈተለት የለም» ብለው ጥርሳቸውን ሳያሳዩ ያልፋሉ።

የከፈተችለት እናቱ ነበረች። ከጓሮ ያለውን ዕቃ ቤት አስለቅቃ ሰጠችው፤ ግድግዳውን ድምፅ እንዳያስወጣ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ሲለብጥ ምስማር እያቀበለች አብራው ቆመች። አዲስ ማይክሮፎን የገዛ ቀንም መጀመሪያ የጠራው እሷን ነው።

«በይ አንድ ነገር ተናገሪ።»

«ምን ልበል? እኔ ደግሞ ምን ተናጋሪ ነኝ!» አለችና ዘጠኝ ደቂቃ አወራች።

ያወራችው ከአባቱ ጋር የተዋወቁበትን ቀን ነው። አንድ ቀጭን ወጣት የሕፃናቱን ሚዛን ልመርምር ብሎ ክትባት ክፍል ይገባል። የሚዛን ድንጋዮቹን ከቦርሳው አውጥቶ ሲለካ ይቆይና፣ «እመቤት፣ እስከዛሬ የመዘገቡት ሕፃን ሁሉ ከጻፉት በአርባ ግራም ያንሳል» ይላታል። «እንዴ!» አለች። ያንን «እንዴ!» ማይክሮፎኑ ፊት ስትደግመው፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያለፈበት ቁጣ አዲስ ሆኖ ወጣ፤ ሳቅ የተጠቀለለበት ቁጣ። ልጇ የጆሮ ማዳመጫውን እንዳደረገ ከወንበሩ ብድግ አለ።

እሷ እንደወጣች ሥራ ጀመረ። ከዘጠኙ ደቂቃ ያቺን አንዲት ቃል ቆረጣት፤ አንድ ሰከንድ አትሞላም። ሌላውን ጣለው። ቃሏንም የጎልማሳ ወንድ ድምፅ እስክትመስል ድረስ አወፈራት፣ ጭራዋን ገለበጠው፣ ከገደል የሚመለስ ጩኸት አስመሰላት። ሲጨርስ ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ጠየቀው፦ ነባሩን በዚህ ልተካው? ጣቱ አላመነታም። በዚያ ዘመን የኮምፒውተሩ ሆድ ጠባብ ነበር፤ የተረፈው ደግሞ እማዬ ያወራችው ወሬ ብቻ ነው፣ እማዬም እዚያው ወጥ ቤት ናት። ሰው በእጁ ያለውን ሲያጠፋ የሚያጠፋው አይመስለውም። ቦታ የሚያስለቅቅ ነው የሚመስለው።

«እንዴ» የተባለው ዘፈን አገር አዳረሰ። ታክሲው፣ ሠርጉ፣ ጂሙ ሁሉ እሱን ሆነ፤ ዳንስ ቤት ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ባሱ እስኪወርድ ጠብቆ አንድ ላይ «እንዴ!» ይላል። እናቱ አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሰምታው፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት «ይቺ እኮ እኔ ነኝ» ብትላት፣ ሴትየዋ ቦርሳዋን ታቅፋ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ቤት ገብታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባት ዘፈኑን ሺህ ጊዜ ሰምተውታል፤ ሚስታቸው እንደሆነች ቢነግሯቸውም «ይኼ ጅብ?» ነበር መልሳቸው።

ክብሩ ስድስት ዓመት ቆየ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዘፈን ለማውጣት ያልሞከረው የለም። ጎረቤቱን «ውይ» አስባለ፣ ሊስትሮውን «ኧረ ባክህ» አስባለ፤ አንዱም አልሠራለትም። ያለፈለት በሙያው ይሁን ወይ በእናቱ ጉሮሮ፣ ይህን ጥያቄ ደፍሮ ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ኑሮው የስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎን መትከል ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ከኋላ ይሰማል?» ይላል፤ ከኋላ ማንም አይመልስለትም።

እንግዲህ አባቱ አሰማኝ ያሉት ይህን ሰው ነው።

ሦስት ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶ ዋለ። ያረጁ ዲስኮችን አንድ በአንድ ሰካ፤ አንዱ ጭራሽ አልነሣም አለ፣ አንዱ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይቶ ዝም አለ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ይዞ ሄደ። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ጋሼ፣ የጠፋ ነገር እኮ ይፈለጋል። ይኼ ግን አልጠፋም፣ ላዩ ላይ ተጽፎበታል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጽፉበት ነው የኖሩት» አለው። ተመለሰና ከዘፈኑ ውስጥ ቃሏን ነቅሎ መልሶ ለማቅጠን ታገለ። የወጣው በርሜል ውስጥ የወደቀ ሰው ጩኸት ነው። ያወፈራትን ማቅጠን፣ የገለበጠውን ማቅናት ይችላል፤ አንዴ የጣለውን ግን ከየት ያምጣ?

በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ያቺው ጥያቄ ትጠብቀዋለች።

«አገኘኸው?»

«ማሽኑ እያዘጋጀው ነው አባባ።»

«ይኼ ማሽን ሊቀቅላት ነው እንዴ?»

በአራተኛው ቀን ለታላቅ እህቱ ተናዘዘ። አስተማሪ ናት፤ አባታቸውን ይዛ የምትኖረው እሷ ናት። ሰምታ ሰምታ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን እታለም።»

«አባባ ሌሊቱን እንኳ እኮ እሱን ብቻ ነው የሚያወሩት። ነገ ልጄ ያሰማኛል፣ ነገ ልጄ ያሰማኛል። ልጄ ብለው ሲጠሩህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።» ቀጥላ ዓይኑን ሳታይ፣ «ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ድምፄም እሷን ይመስላል ይሉኛል» አለች።

ቀዳት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆማ ተረከችው፤ ቀጭኑን ወጣት፣ ድንጋዮቹን፣ አርባውን ግራም። እሱ ደግሞ የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ ድምፁን ጥቂት ዝቅ አደረገ፣ ጥቂት አስረጀ፣ የድሮውን ማይክሮፎን ጠባይ አስመሰለበት። በሙያው እንዲህ የተጠበበበት ጊዜ አልነበረም። ሲያበቃ ሁለቱም ሰሙትና ሁለቱም ተላቀሱ፤ የገዛ እጃቸው ሥራ እነሱኑ አታለላቸው።

ከምሳ በኋላ ሳሎን ውስጥ አሰሟቸው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸውን እህቲቱ ወዳለችበት አቅጣጫ መለሱ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ። ደክመሻል።»

እህቲቱ ወደ እግራቸው ጠጋ አለች።

«እንዴት… እንዴት አወቁ አባባ?»

«ድምፁማ ድምፅዋ ነው። እናታችሁ ግን ሳትናገር በፊት ነበር የምትታወቀው።» ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «አጥፍተሃታል አይደል?»

«አዎ።»

«የሚዛኑን ነገር አውርታው ነበር?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

«እኔ እኮ ያን ቀን ረስቼዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የማስታውሰው እሷ ስታወራው ነው። አርባ ግራም ያልኩት እውነት ይሁን፣ እንድታናግረኝ ብዬ ይሁን፣ እሷ ነበረች የምታውቀው። በቃ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

ሥራህን ሥራ። ሠላሳ ዓመት ሥራ ነው ብለውት የማያውቁትን ነገር፣ ዛሬ በዚህ ቀን ሥራ አሉት። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ስፖንጁ የራሱን ልብ ትርታ መልሶ ያሰማዋል። ሳትናገር በፊት። የቃሉን ትርጉም ሳይሆን ቃሉን ብቻ ደጋግሞ ሲያላምጥ ቆየና፣ ንብ እንደነደፈችው ሰው ተነሣ።

የቀጂ ሁሉ አሠራር አንድ ነው። የተቀዳ ድምፅ ሊያጠራ የፈለገ ሰው፣ መጀመሪያ ማንም ያልተናገረባትን ቁራጭ ቦታ ፈልጎ ለማሽኑ ያሳያል፤ ቆሻሻው ይኸውልህ፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ አጥፋልኝ ለማለት። እሱ እነዚያን ቁርጥራጮች ሌላ ቀን ይጠቅሙኛል ብሎ ለብቻ ያጠራቅማቸው ነበር። ማኅደሩን «ቆሻሻ» ብሎት ነበር። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ አንዱ ሲገለበጥ ኖሯል እንጂ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ከአራት መቶ ቁራጭ ውስጥ እናቱ የተቀዳችበትን ቀን አይቶ አገኛት። ስድስት ሰከንድ።

የወንበር ሲጢጥታ። ሩቅ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። የነጠላ ጫማ ወለሉን ሸርተት ሲያደርግ። ከዚያ ጉሮሮዋን ሁለቴ፣ በለሆሳስ፣ በር የሚያንኳኳ እንግዳ ይመስል ጠረግ ጠረግ። ከዚያም ወደ ውስጥ የተሳበ ረጅም ትንፋሽ። እዚያ ላይ ይቆረጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ንግግሯ ነውና።

ለማሰማት ወይም ላለማሰማት አላወላወለም፤ ለማወላወል የሚበቃ ልብ አልቀረውም። ሮጦ ወጣና የጆሮ ማዳመጫውን አባቱ ራስ ላይ ጫነ። እህቱ ከወጥ ቤት እጇን እያደራረቀች መጣች። የማጫወቻውን ቁልፍ ነካ።

አሁን እሱ የሚሰማው ነገር የለም፤ የሚያየው ፊታቸውን ነው። በሁለተኛው ሰከንድ አገጫቸው ቀና አለ። በአራተኛው እጃቸውን አነሡ።

«እሷ ናት!» ጆሯቸው ስለተደፈነ ድምፃቸው ቤቱን አናጋው። «ዝም በሉ! ልትናገር ነው!»

የሚናገር ሰው አልነበረም። እጃቸው እንደተነሣ ቆየ።

«ቀጥል እንጂ!»

ከአንዱ ጆሮ ማዳመጫውን ገለጥ አደረገላቸው። «ያለው ይኼ ነው አባባ። እዚያ ላይ ያልቃል።»

«እንዴት ያልቃል? ትንፋሽ ስባለች እኮ! ትንፋሽ የሳበ ሰው ዝም ብሎ ይቀራል? ድገመው።»

ደገመው። አገጫቸው ተነሣ፣ እጃቸው ተነሣ፣ ፊታቸው ላይ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ልጆቻቸው ያላዩት አንድ ነገር፣ የሚለምን ነገር፣ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ወደቀ።

«ድገመው።»

በዘጠነኛው ይሁን በአሥረኛው እህቱ ክንዱን ያዘችው። «ይብቃ በቃ፣ አታይም? እየገደልካቸው ነው።»

አባት አልሰሟትም። ወደ ማዳመጫው አጎንብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጭነው፣ ቤቱን ሁሉ ዝም ለማሰኘት «እሽ… እሽ…» ይላሉ። ልጅየው የእህቱን እጅ ቀስ ብሎ ከክንዱ አላቀቀና ቁልፏን እንደገና ተጫናት።