ሪሆር ወንድሙን ያልተከተለበት ጉድጓድ

ከበረዶው ሸሽተው ምድር ስር ወዳለው ባቡር ጣቢያችን ገብተው ጓንታቸውን የሚያወልቁ ሰዎች ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። ከራሳቸው መታጠቢያ ቤት ነው የመጣው። የሰፈሩ ለብ ያለ እጣቢ በትልቅ ቱቦ በአጠገባችን ያልፋል፤ ማሽኖቻችን ሙቀቱን ስበው ወደ ጣቢያው ይልካሉ፣ ውሃው ቀዝቅዞ መንገዱን ይቀጥላል።

እዚህ ከሪሆር ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝን ዝምተኛ ሰው ነው። አብሮን ይሠራ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ሊያቮን ግን ወሬኛ፣ ችኩል፣ ሳቂታ ነበር። ነፍሱን ይማር።

ከአራት ዓመት በፊት በጥር የቱቦው ወንፊት ጨርቅና ስብ ቋጥሮ ውሃው አልገባ አለ። ጣቢያው መቀዝቀዝ ጀመረ። ጉድጓዱ ውስጥ ገዳይ ጋዝ ስለሚታፈን ሕጉ የታወቀ ነው፤ አንዱ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፣ ሁለቱ ከላይ ሆነው ገመዱን ይይዙለታል፣ የወረደው ቢወድቅ የጋዝ ጭንብል የሌለው ማንም አይከተለውም። ሊያቮን ወረደ። ገመዱ መሰላሉ ላይ ሲተበተብበት፣ "የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፣ አታካብዱት" ብሎ ፈታው። ወንፊቱን ሲነቅል ሰማን፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ሪሆር ጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቱ ወደቀ። እኔ እግሮቹ ላይ ተጠመጠምኩ። "አትወርድም፣ ሁለታችሁንም አልቀብርም" አልኩት። ባለጭንብሎቹ የአደጋ ሠራተኞች በሃያ ደቂቃ ደረሱ። ያወጡት ሬሳ ነው።

ከዚያ ወዲህ እናታቸው ፓውሊና ለሪሆር በሯን ዘጋች። አራት ዓመት ሙሉ! በየእሁዱ ገጠር ድረስ ሄዶ እንጨት ይፈልጥላታል፣ በረንዳዋ ላይ ከምሮ ይመለሳል፤ ብቅ አትልም። ምን ብሎ እንደነገራት ጠየቅኩት።

"ፈራሁ አልኳት" አለኝ።

አንጀቴን በላው። የእኔን ጥፋት ተሸክሞ እናቱን ያጣ መሰለኝ። ስለዚህ ዘንድሮ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ አገሩ ሁሉ ወደ ሙታኑ በሚሄድበት ቀን፣ ለሪሆር ነግሬው ሊያቮን መቃብር ድረስ ሄጄ አገኘኋት። በቀይ የተቀባ የትንሣኤ እንቁላል እየላጠች ነበር።

"ፓውሊና ያኖውና፣ ሪሆር ዋሽቶዎታል። ሊወርድ ሲል እግሩን ይዤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የሚረግሙ ከሆነ እኔን ይርገሙኝ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንቺ ስንት ኪሎ ነሽ?"

"ሃምሳ ሁለት።"

"እሱ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጥጃ ተሸክሞ ወንዝ ይሻገር ነበር። ልጄ አልዋሸኝም፣ ታይሳ። እውነቱን ስለነገረኝ ነው ፊቱን ማየት ያቃተኝ።" እንቁላሉን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። "በይ፣ ስለ ነፍሱ ቅመሺ።"

ተቀብዬ ቀመስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሪሆር ወንፊት እያጠበ ነበር።

"አገኘሻት?"

"አገኘኋት።"

ወንፊቱን ገለበጠው። ቀና ሳይል፣ "ያን ቀን ልቀቂኝ ብዬ ታግዬሽ ነበር ወይ? እኔ አላስታውስም" አለ።

"ታግለኸኛል እንጂ! ክንዴ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እግሮቹ እቅፌ ውስጥ አንዴም አልተወራጩም ነበር።

"ውሸታም ነሽ" አለኝና ማጠቡን ቀጠለ።