መንገዱን ማን አስቆፈረው?

ከደራ ወደ አዳማ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሁለት ሰዎች መጥተው መታወቂያ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ አልመለሱልኝም። ከሰዓት በኋላ አዳማ አንድ እስር ቤት ውስጥ፣ የአንድ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ከላይ ይጫናል፤ ክፍሉ ላብና በረኪና ይሸታል። እስረኞቹ ሲያወሩ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«አካም፣ አባቴ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

ሰላምታዬን አልመለሱም። «ስለ መንገዱ ስትጠይቅ የከረምከው አንተ ነህ?» አሉኝ በአማርኛ።

ደነገጥኩ። አስተማሪ ነኝ። በዕረፍቴ ከደራ በላይ ባሉት ተራሮች እየዞርኩ፣ ያንን አገር ያቀኑ ሰዎችን ታሪክ ስጠይቅ ነበር። በተለይ ገደሉን ቆርጦ የወረደውን መንገድ። መንገዱ ከመቆፈሩ በፊት ምጥ የያዛቸው ሴቶች በቃሬዛ ሲወርዱ መንገድ ላይ ይሞቱ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት አገሩን አስተባብራ በዶማ ያስቆፈረችው። ታሪኩን የነገረችኝም ራሷ ናት። ይህን ግን ከተያዝኩ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። ሽማግሌው ከየት አወቁ? ለመርማሪዎቹ ጆሮ ሆነው የተቀመጡ መሰለኝ።

«የምን መንገድ?» አልኩ።

ፈገግ አሉ። ደስ የሚል ፈገግታ አልነበረም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። «በመንገድ ሥራ ስም ተራራው ላይ ሰው የሚሰበስበው ማነው? ስሙን ስጠኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«አላውቅም» አልኩ።

ስመለስ ሽማግሌው ጠጋ ብለው ትንፋሼን አሸተቱ።

«ቅርንፉድ ያለው ሻይ ነው። ምን ሰጥተህ ጠጣኸው?»

«ምንም።»

«እኛን አንድም ቀን አላጠጡንም።»

ያን ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የለም።

ከዚያ ሁለታችንን አንድ ላይ ጠሩን። ቢሮው ውስጥ ከመርማሪው ወንበር ሌላ የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። እኔን «ተቀመጥ» አለኝ። «ሰው የምትሰበስበው የዚህ ሰውዬ እህት አይደለችም? አዎ በል ብቻ።»

ገባኝ። ሽማግሌው መንገዱን ያስቆፈረችው ሴት ወንድም ናቸው፤ ስለ እኔም የሰሙት ከእሷ ነው። አሳልፌ እንደሰጠኋት ሲጠረጥሩኝ ነው የሰነበቱት።

ወንበሩን ሳብኩላቸው። «አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«ተቀመጥ ያልኩት አንተን ነው» አለ መርማሪው።

«እሳቸው ቆመው እኔ አልቀመጥም። መንገዱን የቆፈረው አገሬው ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና መርማሪውን ፊት ለፊት አዩት።

ክፍላችን ስንመለስ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አሁንም አላመንኩህም» አሉኝ።

«እኔም እርስዎን።»

ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ሁለታችንም ከተፈታን ቆየን። ለምን እንደታሰርንም፣ ለምን እንደተፈታንም የነገረን የለም። አሁን በዚያ መንገድ ባጃጅ ይወጣል፤ አምቡላንስ ይወርዳል። መግቢያው ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ታፔላ ተተክሏል። እሷ በሕይወት አለች፤ ስሟ ግን ታፔላው ላይ የለም። እኔም ይኸው እዚህ አልጻፍኩትም። ያኔ የደበቅኩት እንዳትያዝ ብዬ ነበር። ዛሬም ተማሪዎቼ ያንን መንገድ ማን እንዳሠራው ሲጠይቁኝ፣ ከመመለሴ በፊት የመማሪያ ክፍሉ በር መዘጋቱን አያለሁ።