ደሙ ከየት በዛ?

ሞላሌ ከተማ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የአባቴ እህት በገበያ ቀን ከጓሳ በኩል ካለው ቀያቸው እየመጡ እኔ ዘንድ ጎራ ይሉ ነበር። ቀጭን ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ገድፈው አያውቁም። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ሲደርሱ እንኳ ቁና ቁና ሲተነፍሱ አይቻቸው አላውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ራሴን ፈለጠኝ ብለውኝ ጤና ጣቢያ ብወስዳቸው፣ "ደም ብዛት አለብዎት" ሲባሉ ሁለታችንም ገረመን።

ኪኒን ተሰጥቷቸው እንደወጣን አክስቴ መንገዱ መሀል ቀጥ አሉ።

"ስማ እንጂ፣ እኔ ሥጋ የምቀምሰው በዓመት በዓል ነው። ታዲያ ይሄ ደም ከየት በዛ?"

ደም ብዛት የወፍራምና የጮማ በይ በሽታ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ደም ማነስ የሚባል በሽታም አለ፤ ይሄ የእሱ ተቃራኒ ይሆናላ! የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ስሙን እንደ ቃሉ ፈታሁት።

"ለማንኛውም በየቀኑ ይዋጡት ተብለዋል፣ እትዬ።"

"እሺ" አሉና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

መንደር ሲገቡ ጎረቤቱ ሁሉ መከረበት። አንዷ ከብስጭት ነው የሚመጣው ብላ ስላስፈራራች፣ ልጃቸው አንዷን በግ ቀበሮ መብላቱን ደብቃ "ጎረቤት ጋ ናት" እያለች ከረመች። ሌላው ነጭ ሽንኩርት አዘዘ። አክስቴ ግን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው፤ የበዛ ነገር ይቀነሳል። ዋግምት የሚያግም ሰው ዘንድ ሄዱ። ሰውየው ማጅራታቸውን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ፣ ቀንድ ደፍቶ ደሙን መጠጠላቸው።

"ራሴ ላባ ሆነልኝ!" አሉኝ በሌላ ገበያ ደስ ብሏቸው።

"ኪኒኑስ?"

"ድኜ ምን ያደርግልኛል? ለሚያመኝ ቀን አስቀምጬዋለሁ።"

ደህና መስለው ከረሙ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ሰው መጥቶ ከክፍል ጠራኝ። ስደርስ አክስቴ ገብስ ተራው ላይ ተቀምጠዋል፤ ደም ከአፍንጫቸው ነጠላቸው ላይ ይወርዳል። ገበያተኛ ሴቶች ተጯጩኸው በአክስቴ ራስ ላይ ውሃ ያፈሳሉ። እሳቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

"ተዉት ይፍሰስ! ትርፉ እየወጣ ነው!"

አፍንጫቸውን ቆንጥጬ ይዤ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ደሙ ከቆመ በኋላ አንዲት ወጣት ነርስ ለካቻቸው፤ ትንሽ አሳርፋ ደግማ ለካች።

"እማማ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?"

"ተሽሎኝ ተውኩት።"

"አሁንስ ያምዎታል?"

"ኧረ ምንም።"

"ክፋቱ እሱ ነው። ሳያም ነው ልብን የሚጎዳው።"

አክስቴ በመንገድ ለእኔ ያነሱትን ጥያቄ አሁን ለእሷ አነሱት። ነርሷ ፈገግ አለችና ወደ ግቢው ይዛን ወጣች። ዘበኛው በጎማ አትክልት ያጠጣል። ተቀበለችውና የጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ አጠበበችው፤ ውሃው ተወርውሮ አጥሩን መታ።

"ውሃው ጨመረ?"

"የለም፤ ያው ነው።"

"ደምዎም አልበዛም። ስሙ ነው የሚያሳስተን፤ በሽታው ግፊት ነው። የደሙ መንገድ ሲጠብ ልብዎ ለመግፋት ሌት ተቀን ይለፋል።"

አክስቴ ጎማውን ተቀብለው በራሳቸው ጣት ሞከሩት። ውሃው ሲገፋቸው ጣታቸውን አጠበቁ።

"ብታገም አይሰፋም?"

"አይሰፋም።"

"ቀጭኑንም ይይዛል?"

"ይይዛል። በዘርም ይመጣል።"

ወደ እኔ ዞሩ። "እናታችን አንድ ቀን ቁጭ ባለችበት አፏ ተጣመመ፤ እጇም አልነሳ አለ። ምች መታት ብለን ዳማከሴ ስናሸት ሞተች። እሱ ይሆን እንዴ?"

ነርሷ እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። "ሊሆን ይችላል፤ ግፊት አንጎልንም ይመታል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አክስቴ እጄን ያዙና ወደ እሷ ገፉኝ። "እንግዲያ ይሄንንም ለኪው። የእናቴ የልጅ ልጅ ነው።"

እጅጌዬን ጠቀለልኩ። መሣሪያው ክንዴን ሲጨብጠው ወጣት መሆኔን እያሰብኩ ልጽናና ሞከርኩ። ልኬቴ ደህና ሆነ። "በየጊዜው ግን ተለካ" አለችኝ።

አክስቴ ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን በየቀኑ ዋጡ። ያስቸገራቸው ነርሷ ይቀንሱ ያለቻቸው ጨው ነው፤ ቡና ያለ ጨው ሲጠጡ መራራ መድኃኒት የቀመሱ ይመስል ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ቀስ በቀስ ቀነሱት። የበጓን ነገር ልጃቸው ስትነግራቸው ተቆጥተው፣ ጮኸው፣ ምንም ሳይሆኑ ማታውን እራታቸውን በሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አለፈ፤ ግፊታቸውን ሊለኩ ሲመጡም አንዳንዴ ምንም የማያመውን ጎረቤት እየጎተቱ ይመጡ ነበር።