መንገዳችን የታተመበት መጽሐፍ

እስከ ዛሬ የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም። የጻፍኩት ቢኖር የሰፈር እናቶች ለዘመቱ ልጆቻቸው የሚልኩትን ደብዳቤ ነው፤ እሱንም እነሱ እያሉኝ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከእናቴ ጋር እንጦጦ እንጨት ለቀማ የገባሁ ነኝ። ሰው ፊት ስለ ራሴ መናገር ያቅተኛል፤ አንገቴን እደፋለሁ። እንዲህ ሆኜ ያን ሁሉ ለማላውቃቸው ሴት እንዴት እንደዘረገፍኩት እስካሁን ይገርመኛል።

ሴትዮዋ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናቸው። ስለ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ኑሮ መጽሐፍ ሊጽፉ ከቀበሌም ከደን ጽሕፈት ቤቱም ፈቃድ አውጥተው፣ በሸራ ጫማ ዳገቱን አብረውን ይወጡ ነበር። ሌሎቹ ሲጠየቁ ይስቃሉ፣ ወይም "እኛ ምን እናውቃለን?" ይላሉ። እኔን ለብቻዬ አስቀምጠው የምለውን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እንደዚያ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ተራውንም ነገርኳቸው።

ተራው እንዲህ ነው። የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ይፈቀድልናል፤ ቅርንጫፍ የያዘች ግን የደኑ ጠባቂ ይወርስባታል። በቅጠል ብቻ ደግሞ ቤተሰብ በልቶ አያድርም። ስለዚህ በየቀኑ አንዳችን ትንሽ ሸክም ይዛ ጠባቂው በሚቀመጥበት ኬላ ፊት ለፊት ትሄዳለች። እሱ እሷን አስቁሞ ሲቆጣና ሸክሟን ሲፈታ፣ እሷም ስታለቅስለት፣ እኛ በጅረቱ በኩል እናልፋለን። ታች ማረፊያው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ከየሸክማችን ጥቂት ጥቂት መዘን፣ ለተወረሰባት ሙሉ ሸክም እናስርላታለን። ባዶ ጀርባዋን ቤቷ የምትገባ ሴት የለችም።

መጽሐፉ ሲወጣ አስተማሪዋ ራሳቸው የካ ቤታችን ድረስ አመጡልኝ። ከዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ገና መውጣቱ ነበር፤ ቀለሙ ይሸታል፣ አንዳንዱ ገጽ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

"የማንንም ስም አላወጣሁም፤ አይዞሽ" አሉኝ። ጉልበታቸውን ለመሳም ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ መጽሐፉን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። ስንመለስ ማረፊያው ጋ ሴቶቹ ከበቡኝ።

"በይ አንብቢልን! እኔ ቆንጆ ነች ተብያለሁ?" አለች አንዷ።

"አንገቷን ሸክም የበላት ተብለሻል" አለቻት ጎረቤቷ።

ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ የማላውቀው ቃልም ብዙ ነው። እናቴ ግን በኩራት ፊቷ በርቶ ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ወገብ ሕመማችን። ሲስማሙ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" ይላሉ። ገጹን ስገልጥ ሥዕል አየሁ። ኬላው፣ ጅረቱ፣ መሄጃችን በነጠብጣብ መስመር። ከሥሩ ተራው አንድም ሳይቀር ተጽፏል። ማንበቤን አቆምኩ።

"ምነው ቆምሽ?" አሉኝ ተራ የሚያወጡልን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትልቋ ሴት።

"ቃሉ ከበደኝ፣ እትዬ።"

"ቀስ ብለሽ አንብቢው። ማን አጣደፈሽ?"

መዝለል እችል ነበር፤ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ውሸቱ አልመጣልኝም። አነበብኩት። ስጨርስ የሳቀ ሰው የለም።

"የኛን ጅረት ነው የሚለው?"

"ማን ነገራቸው?"

"የተማሩ ሰው ናቸው፤ አብረውን ሲወጡ አይተው ይሆናላ" አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ እነሱ ግን ሰሙት።

እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"መጽሐፉ ለማን ለማን ተሰጠ?" አሉ እትዬ።

አስተማሪዋ ደስ ብሏቸው የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ፈቃድ ለሰጣቸው ለደን ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ቅጂ ሰጥተዋል፤ አንዱ ለኬላው ነው። ይህንንም ተናገርኩ።

"ጠባቂው ማንበብ የት ያውቃል!" አለች ስለ ቁንጅናዋ የጠየቀችው።

"በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረችው ይቺው አይደለችም እንዴ? ሰርተፍኬቱን ኬላው ውስጥ ሰቅሎታል እኮ!" አለቻት ጎረቤቷ።

እውነቷን ነው። ቀበሌው መምህር ሲያጣ ክረምቱን ሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሁሉም ጎበዙ እሱ ነበር።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ሸክማቸውን እያነሱ ቁልቁል ሄዱ፤ እናቴም ቀና ብላ ሳታየኝ ተከተለቻቸው። እትዬ ብቻ ቀሩ። መነሣት አቅቶኝ ሲያዩ ሸክሜን ደግፈው አስነሡኝ፣ የላላውን ገመዴንም አጠበቁልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝም አነጋግረውኝ አያውቁም። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው፦

"ነገ እናትሽን እኛ እንጠራታለን፤ ሌላ መሄጃ እንፈልጋለን። አንቺ ግን አትከተይን፤ ማታ ስትገባም በየት መጣሽ ብለሽ እንዳትጠይቂያት።"