የወለተ ሐና የእጅ አንጓ

ድሬሰር ታፈረ የበሽተኛ እጅ ሲይዝ ሰላምታ ይመስላል። መዳፉን አንጓው ላይ አሳርፎ «እስቲ ጣትዎን ይጠፉ፣ ይዘርጉ» ይላል። ይህን ልማድ ያወረሰችው ወለተ ሐና ናት።

በ1974 ዓ.ም. ሥጋ ደዌን ስድስት ወር ተምሮ ከላሊበላ ወዲያ ያሉትን ቀበሌዎች በበቅሎ ይዞር ነበር። ገነተ ማርያም ሲደርስ ብራና ፋቂው ደርበው ሚስቱን ወለተ ሐናን ይዞ ጠበቀው። ጣቶቿ አብጠዋል፤ ብርድ ሲነካቸው ኖራ ይመስላሉ፤ የክንዷ ቆዳ ቢቆነጥጡት አይያዝም። ጎረቤት ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ከቤቷ እሳት መጫር ትቷል። የገበሬ ማኅበሩም ከስብሰባ እንድትርቅ አዟል።

ታፈረ ዓይኗን አስጨፍኖ በጥጥ ነካካት፣ በመርፌ ጠቀጠቃት።

«እዚህ ጋ። እዚህም። አንተ ልጅ፣ ወንፊት አደረግኸኝ እኮ።»

ሁሉም ስለተሰማት «ሥጋ ደዌ አይደለም» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ። እሷ በነጠላዋ ተሸፍና አለቀሰች። ደርበው ግን የእጇን አንጓ አልለቀቀም።

«ሐኪም፣ ይኸን ስማ። ስታጥፈው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ያልለፋ ደረቅ ቆዳ እንደማጠፍ።»

«አያ ደርበው፣ እርስዎ ብራናዎን ይፋቁ፤ ሰውን ለእኔ ይተዉ።»

«ቆዳ ቆዳ ነው፤ የሰውም የፍየልም።»

ታፈረ ስቆ ቅባት ሰጣት። የደም ግፊት መለኪያው ከኮርቻው እንደተጫነ ቀረ።

ጎረቤት እሳት መጫር ጀመረ። በሦስተኛው ወር ራሷን አመማት፣ ዓይኗ ደበዘዘ፣ ሽንቷ አነሰ። በቃሬዛም በመኪናም ወልድያ ሲያደርሷት ታፈረ አብሮ ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ግፊቷን ለካ፤ አንጓዋን ይዞ ጣቷን እንድታጥፍ አደረገ።

«ይህ ሲጥታ መቼ ጀመረ?»

ደርበው ታፈረን አየው። «ከሦስት ወር በፊትም ነበር» አለ።

«ቆዳን የሚያጠነክር ሕመም ነው» አለ ሐኪሙ። «ጅማት እንዲህ ሲል ኩላሊትም እንዳይጎዳ ያሰጋል። ግፊቷ በየጊዜው ቢለካ ኖሮ ቀድመን ሕክምና እንሞክር ነበር።»

አራት ቀን ቆየች። ቀብረዋት ሲመለሱ ደርበው ፍላቂት ከተማ ላይ ታፈረን አስቆመው።

«መዝገብህ ላይ ሥጋ ደዌ አይደለም ብለሃል። እውነት ነው፣ አትፋቀው። ከሥሩ ግን ጨምርበት።»

«ምን ብዬ?»

«ያልኩህን።»

ታፈረ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፦ «አንጓዋ ሲጥ ይል ነበር። ባሏ ነግሮኛል። ግፊቷን አልለካሁም።»