ለሙነወር የመጣ ማር

ሙነወርን ስኳር አመመው እንጂ ስኳር አልጣለውም። የጣለው ሰፈሩ ነው። ይህን ስል ጎረቤቶቼ ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብኝ አውቃለሁ፤ ያጥቁሩ። ገርጂ ውስጥ ከሙነወር ቤት ጋር አጥር የምጋራ ባለሱቅ ነኝ። የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዝም ብል ያንቀኛል።

ሙነወር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ከመገናኛ ቦሌ የሚመላለስ የታክሲ ሾፌር ነበር። ከወሎ የመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፤ መኪና ከማጠብ ተነስቶ መሪ እስከ መጨበጥ ደረሰ። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ሳቁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። በሰፈራችን ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት የምትደርሰው በእሱ ታክሲ ነው፤ አንዷንም ክፈይ ብሎ አያውቅም። ሰርጉም ለቅሶውም እሱ ከሌለ ጎዶሎ ነበር። ሚስቱ መኪያ በተቃራኒው ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። እንግዳ ሲመጣ አቀርቅራ ታስተናግዳለች፤ ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አንድ በጋ ይህ ግዙፍ ሰው መመንመን ጀመረ። ከወንበሩ ጎን የውሃ ጀሪካን ሸጉጦ እየነዳ ይጠጣል። አትላስ ጋ ሲደርስ ተሳፋሪውን እንደጫነ አቁሞ ወደ አጥር ጥግ ይሮጣል፣ ተሳፋሪው ከኋላ ይሰድበዋል። ሱሪው በቀበቶ እንኳን አልቆም ሲለው መኪያ ለምና ለምና ክሊኒክ ወሰደችው። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ።

ሲስተር አሰፋሽ የምትባል ጠና ያለች ነርስ ስኳር በሽታ እንዳለበት ነገረችው፣ የኢንሱሊን መርፌውን ራሱ እንዴት እንደሚወጋም አሳየችው። ስለ ምግብ ሲጠይቃት ሳቀች።

«እንግዳ ነገር አላዝልህም። ሽሮህን፣ ምስርህን፣ ጎመንህን ብላ። ባቄላም ጥሩ ነው። እንጀራውንም ብላ፣ ክምር ግን አታድርገው። ስኳር፣ ለስላሳ፣ ማር፣ ብርዝ በቃህ። መርፌውን እንዳትዘል። እግርህን ደግሞ እንደ ዓይንህ ጠብቅ፤ ይህ በሽታ እግር ያደነዝዛል፣ ብትቆስል እንኳን አይታወቅህም።»

ሙነወር የታዘዘውን አደረገ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ታዛዥ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መርፌውን ጠዋት ማታ ይወጋል፣ መኪያ ጎመንና ሽሮ ትሠራለታለች፣ ቀስ በቀስ ፊቱ ተመለሰ። እኛ የድሃ ምግብ እያልን የምንንቀው ነገር ሰውየውን ሲያቆመው አየሁ። ጀሪካኑም ከወንበሩ ጎን ጠፋ።

ከዚያ አረፋ መጣ። መኪያን ያሳደጓት አጎቷ ሐጂ አብዱልሐሚድ ቤት ዘመድ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ እኔም ተጠርቼ ነበር። ብርዝ በብርጭቆ ዞረ። ብርዝ ያው ማርና ውሃ ነው፤ ስለማያሰክር ጉዳት አለው ብሎ የሚያስብ የለም። ሙነወር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርብኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ነውር የተናገረ ይመስል።

«ማርና ስኳር ምን አገናኛቸው?» አሉ ሐጂ። «ስኳር የፋብሪካ ነው። ማር አላህ ለሰው መድኃኒት ያደረገው ነው። ጠጣ ልጄ። በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ በእኛ አገር መውጫ የለም። እንቢ ማለት የሽማግሌውን ሞት እንደ መመኘት ይቆጠራል። ሙነወር ጠጣ። ባዶውን ብርጭቆ ደግመው ሞሉት፣ በሞቴ አሉት፣ ያንንም ጠጣ።

ይህች ቀን ብቻ ብትሆን ባልተናደድኩ። ግን በሩ ተከፈተ። በማግስቱ አንዷ ጎረቤት «አብሽ ስኳር ያወርዳል» የሚል ወሬ ይዛ መጣች፣ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ የአብሽ ሐኪም ሆነ። መኪያን ይዘው አሠለጠኗት፦ አብሹን ዘፍዝፊው፣ ምሬቱ እስኪወጣ ውሃውን ለዋውጪው፣ አረፋ እስኪያወጣ ምቺው። እስከዚህ ድረስ እሺ። አብሽ ግን ውሃው ምንም ቢለወጥ ይመራል። ታዲያ እንዲጣፍጥለት ማር ጨመሩበት! በማንኪያ እንዳይመስላችሁ፣ በጭልፋ ነው። ሐጂ ከወሎ ነጭ ማር በጣሳ አስመጡለት። ከእኛ ከክርስቲያኖቹም ሙሉአለም የምትባለው ጎረቤታችን የጎጃም ማር ተሸክማ መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ገብቶ፣ ለስኳር በሽተኛ የስኳር መድኃኒት በማር በጥብጦ አጠጣው!

ሲስተር አሰፋሽ ጋ ሄጄ ነገርኳት። «አብሹ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፣ በልኩ ከሆነ አልጣላውም» አለች። «መርፌውን ግን አይተካም። ማሩን ማን ጨመረበት?»

ማን ጨመረበት! ማን ያልጨመረ አለ?

ከሁሉ የከፋው መርፌውን መተዉ ነው። «መርፌ አንዴ ከለመደህ አይለቅህም፣ በአብሹ እየዳንክ ምን አስጨነቀህ» አሉት፣ ሰማቸው። ጥሙ ሲመለስበት «በሽታው እየወጣልህ ነው» አሉት፣ ይህንንም ሰማቸው። ጀሪካኑ ወንበሩ ጎን ተመለሰ።

አልቻልኩም፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ሐጂ ቤት ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ስለ እግዜር ብለው ማሩን ይተዉለት። እየገደለው ነው።»

«አንቺ ፀጋ፣ ሱቅሽን ጠብቂ» አሉኝ። «እኔ ልጆቼን በማር ነው ያሳደግኩ፣ አንዱም አልታመመ።»

«ልጆችዎ ስኳር በሽታ አልነበረባቸውማ!»

«ሟርተኛ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰፈሩ ስሜ ይኸው ሆነ።

ለመኪያ ስነግራት አለቀሰች። «እቴ ፀጋ፣ እንዴት አድርጌ ልከልክላቸው? አሁንም ባሏን በሽሮ ታስርባለች እያሉ ያሙኛል። ያሳደጉኝን ሰው ማር በምን አፌ እንቢ ልበል?» እውነቷን ነው። ያንን ሁሉ ማር መኪያ አልፈለገችውም፤ የምትመልስበት ቃል ግን ማንም አላስተማራትም።

እንዲህ እንዳለን አንድ ቀን ሙነወር በነጠላ ጫማ እየነዳ ነበር። የእነዚያ ታክሲዎች ሞተር ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ምንጣፉ ካለቀ ወለሉ እንደ ምድጃ ይግላል። ከኋላ አንዲት ሴት «ጎማ ሸተተኝ፣ ሾፌር፣ ኧረ የሚቃጠል ነገር አለ!» ብላ ጮኸች። ወርዶ ጎማውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ምንም የለም። ተመልሶ ሲገባ ነው ያየው። የቀኝ እግሩ ነጠላ ጫማ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተጣብቋል። የእግሩ ቆዳም አብሮ ተልጧል።

ቤቱ ገብቶ ለመኪያ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? «ወላሂ ትንሽ እንኳን አላመመኝም።» እንደ ምሥራች ነው የነገራት። የሰፈሩ ሰውም ሊጠይቀው መጥቶ «ካላመመህማ ቀላል ነው» እያለ ብርዙን ጠጥቶ፣ አጠጥቶት ሄደ። ሲስተር አሰፋሽ እግርህን እንደ ዓይንህ ያለችውን ያስታወሰ እኔና መኪያ ብቻ ነበርን። ሐኪም ቤት ሂድ ብንለው «የማያምም ቁስል ይዤ ምን ልበላቸው?» አለን። ጣቶቹ እስኪጠቁሩ፣ ቤቱ እስኪሸት ድረስ እንቢ አለ። ሆስፒታል ሲደርስ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ነዳጅ ይረግጥበት የነበረው እግር ነው። መኪና መንዳትም በዚያው አበቃ።

ከሆስፒታል የወጣ ቀን ቤቱ ሞላ። አለቀሱ፣ አላህ የጻፈው ነው አሉ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች አሉ። ሰው እንዴት አድርጎ ነው እጁ የሠራውን ነገር እንዲህ በንጹህ እንባ የሚያለቅስለት? እኔ በር ላይ ቆሜ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ሐጂ ብርጭቆ በእጃቸው ይዘው ወደ አልጋው ጠጋ አሉ።

«ደም ፈሶሃል ልጄ። ይህ ይተካልሃል። በሞቴ፣ ቅመስልኝ።»

ሙነወር እጁን ዘረጋ። አዎ፣ ዘረጋ። እግሩ ተቆርጦ እንኳን ሽማግሌ እንቢ ማለት አልቻለም። እኔ አፌን ልከፍት ስል መኪያ ቀደመችኝ። ከሰዎቹ መሃል ተነስታ ብርጭቆውን ከአጎቷ እጅ ወሰደች። ቀና ብላ አየቻቸው። ድምጿን ሁሉም ሰማው።

«አጎቴ፣ በሞቴ አይበሉት። አንድ እግር ቀርቶታል፤ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ብርዙን ደጅ ወጥታ ደፋችው።

ሐጂ ተነስተው ሄዱ፣ የተከተላቸውም ብዙ ነው። ሰፈሩ ዛሬም መኪያን «አጎቷን ያዋረደች ባለጌ» ይላታል። እሷ ጠዋት ማታ መርፌውን ትወጋዋለች፤ ማታ ማታ ደግሞ የግራ እግሩን በለብ ያለ ውሃ አጥባ፣ በጣቶቹ መሃል እያየች ታደርቀዋለች። እስካሁን ደህና ነው።